እንጨቱ ሥር የጻፍኩት

የተልባ ዘይት በደረቅ እንጨት ላይ ሆኖ ፀሐይ ሲያገኘው የሚሸተውን ሽታ ላልሸተተው ሰው ማስረዳት አይቻልም። ምግብ ምግብ ይላል፣ ግን አያስርብም። ቤት ቤት ይላል፣ ግን የማን ቤት እንደሆነ አይናገርም። እኔ ሠላሳ ዓመት ያህል የጠመንጃ እንጨት እየጠረብኩ በዚያ ሽታ ውስጥ ውዬ እንጀራዬን ስለበላሁ አውቀዋለሁ። ትናንት፣ ማክሰኞ ረፋዱ ላይ፣ ደጃፌ ወንበር አውጥቼ ፀሐይ ስሞቅ ያ ሽታ ድንገት መጣ። እርጅና ነው ብዬ ልተወው ነበር። በኔ ዕድሜ የሌለ ነገር ይሸታል፣ የሞተ ሰው ይጣራል፤ ሚስቴ ዘይነባም “የአንተ ጆሮና አፍንጫ እኮ ሌላ አገር ነው የሚውሉት” እያለች ትስቅብኛለች። ቀና ስል ግን ጀማል ቆሟል። በአንድ እጁ የማዳበሪያ ጆንያ፣ በሌላው በጋዜጣ የተጠቀለለ ረጅም ነገር ይዟል፤ ሽታው የሚመጣው ከጋዜጣው ነው። ጀማል የልጅ ልጄን ሐያትን ያጨ ልጅ ነው። ሐሙስ የሁለቱም ቤት ሽማግሌዎች እኛ ግቢ ተቀምጠው የኒካውን ቀን ሊቆርጡ ቀጠሮ አለን። ዘይነባ ከሳምንት በፊት ጀምራ እህል እያበጠረች ነው፤ ሐያትም ከልብስ ሰፊው ቤት አልጠፋ ብላለች።

“አሰላሙ አለይኩም አባባ።”

“ወአለይኩሙ ሰላም። ና ቁጭ በል። ምን ተሸክመህ ነው የመጣኸው?”

“ሥራ አመጣሁልዎት።”

“ለኔ? እጄ እኮ ሻይ እንኳ ሳያፈስ አይጠጣም ልጄ።”

“እጅዎን አይደለም የፈለግሁት፣ ዓይንዎን ነው” አለና ሳቀ። ደህና ልጅ ነው። ስምንት ዓመት አረብ አገር መኪና ሲነዳ ኖሮ ተመልሶ፣ መካነ ሰላም ላይ ቆርቆሮ ቤት ሠርቶ፣ አያቱን ሰይድን ወስዶ አብሮ የሚጦር ልጅ ነው። ስልኩን አውጥቶ አሳየኝ። ፈረንጆች ከጦርነት የተረፈ አሮጌ ጠመንጃ ይፈልጉና እንጨቱንም አፈሙዙንም ጥለው መሃሉን ብቻ ያስቀራሉ፤ ከዚያ በእሱ ላይ ለዓይን የሚያሳሳ አዲስ ጠመንጃ ይሠራሉ። “ዋናው መሃሉን መምረጥ ነው ይላሉ” አለኝ። ልቤ በኩራት ሞቅ አለ፤ ይህማ አብሬው የኖርኩት የብረት ሠሪው የአያ ይማም ሥራ ነው፣ እነዚህን ደግሞ ማን አስተማራቸው አልኩት። እኛም መሃል ነበር የምንለው፤ መዝጊያው ወደፊትና ወደኋላ የሚመላለስበትን፣ ጥይት የሚጎርሰውን ብረት። አፈሙዝ ያልቃል፣ እንጨት ይሰነጠቃል፣ መሃሉ ጤነኛ ከሆነ ግን ጠመንጃው አልሞተም። ጀማል ከጆንያው ቁርበት አወጣና አነጠፈ፤ በላዩ ሦስት ብረት ደረደረ። ለሠርጉ አንድ ጠመንጃ ሊያሠራ አስቧልና የትኛው ላይ እንደሚሠራ እንድመርጥለት ነው የመጣው። አንደኛው ከወግዲ ሰው የገዛው ዲሞትፈር ነው፣ ዝገት ገብቶበታል። ሁለተኛው በልጅግ ነው፣ ደህና ይመስላል። ሦስተኛው የአያቱ የሰይድ ምንሽር ነው፤ እንጨቱ አንገቱ ላይ ስለተሰነጠቀ አውልቆታል፣ በጋዜጣ የተጠቀለለውም ያ እንጨት ነው።

ሳቄ አፌ ላይ ቀረ። ያ ምንሽር እኔ በእንጨት ከሸፈንኩት ወዲህ ራቁቱን አላየሁትም ነበር። የሚስቴ አባት አህመዴ ሰው የገደለበት ብረት ነው። የሞተውም ሙሄ ይባል ነበር፤ የሰይድ አባት፣ የዚህ ፊቴ ተቀምጦ የሚስቀው ልጅ ቅድመ አያት። የሟች ልጅ የአባቱን ገዳይ ብረት ዕድሜ ልኩን በትከሻው ሲሸከም ኖሯል፤ ይህን የሚያውቅ በሕይወት ያለ ሰው ደግሞ እኔ ብቻ ነኝ ብዬ ነበር።

ያን ጊዜ መካነ ሰላም እንዲህ አልነበረችም። መኪና በሳምንት ሁለት ጊዜ ከመጣ ተመስገን ነው፤ ክረምት ከገባ ጭራሽ አይመጣም፤ ጭቃው ውስጥ የቀረ የጭነት መኪና እስኪደርቅለት ድረስ ሹፌሩ ከኛ ጋር ይከርምና ሊያገባ ምንም አይቀረው። ከገበያው በታች፣ አሁን ስልክ የሚጠገንበት ሱቅ ያለበት ጥግ ላይ፣ አንድ ሻይ ቤት ነበረ። ሻይ በአሥር ሳንቲም ነበር፤ ብርጭቆዋ ትንሽ፣ ስኳሩ ግን የማይሳሳበት። ባለቤቱ ራዲዮኑን ዳር ዳሩ አበባ በተጠለፈበት ጨርቅ ሸፍኖ ያስቀምጠውና ዜና ሲሆን ብቻ ይገልጠዋል፤ ዘፈን ሲመጣ ባትሪ ይበላል ብሎ ይዘጋዋል። ስሟን የማላውቃት አንዲት ዘፋኝ ነበረች፤ ሁለት ስንኝ ሳትጨርስ ይዘጋባትና እኛ ቀሪውን በራሳችን እናንጎራጉር ነበር። ዘፈኑን እስከ ዛሬ ሙሉውን አልሰማሁትም። ጎረምሳው ካኪ ቁምጣ፣ ሻል ያለው ቴትሮን ሱሪ፣ እኛ ሙያተኞቹ ሽርጥና ከመኪና ጎማ የተቆረጠ በረባሶ ነበር ልብሳችን። መንግሥት ይለዋወጣል፣ አንዱ ጠመንጃ ይመዝገብ ይላል፣ ሌላው ይመለስ ይላል፤ ጠመንጃው ግን ከጣራ ሥር ወደ እህል ጎተራ፣ ከጎተራ ወደ ጣራ ሥር ይመላለሳል እንጂ ከአገር አይወጣም። አሁን ጊዜውም እንደዚያ ሆኗል። መንገዱ ዛሬ ክፍት ነው ይሉሃል፣ ነገ ዝግ ነው፤ ከጉብታው ማዶ አልፎ አልፎ ተኩስ ይሰማል፣ ልጆቹም ጆሯቸውን ሳያነሡ ኳሳቸውን ይጫወታሉ። እሱ ነው የሚያስፈራኝ።

የአያ ይማም ቤት ከሻይ ቤቱ ጀርባ ነበር። እሱ ብረቱን ይሠራል፣ እኔ እንጨቱን እጠርባለሁ፤ በአንድ ጣራ ሥር ነበርን። አያ ይማም አጭር፣ ቅንድቡ በእሳት የተላጨ፣ ሲቆጣ ዝም የሚል ሰው ነበር። ጠመንጃ ሊያሠራ የመጣን ሰው አያቻኩልም። ቁርበት ያነጥፍና ያሉትን አሮጌ ብረቶች ይደረድራል፤ ከዚያ ባለጉዳዩን ጀርባህን ስጠኝ ይለዋል። ሰውየው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ሲቀመጥ አያ ይማም የእያንዳንዱን መዝጊያ አንድ በአንድ ይከፍታል፣ ይዘጋል። “በዓይንህ ከመረጥህ የምትመርጠው ውበቱን ነው፤ በጆሮህ ምረጥ” ይል ነበር። ደህና መሃል ሲዘጋ አንድ ድምፅ ብቻ ነው ያለው፣ አጭርና ሙሉ። የታመመው ሁለት ጊዜ ይናገራል። ሰውየው “ይኸኛው” ሲል ፊቱን ያዞራል፣ የመረጠውን ያያል። እዚህ ላይ ሥራው ያለቀ ይመስላል፤ አላለቀም። አያ ይማም ብረቱን ወደ ቤቱ ያመጣውን ሰው ይጠራና ከየት እንደመጣ ይጠይቀዋል። የማን ነበር፣ በማን እጅ አለፈ፣ ደም አለበት ወይ። አንድ ጊዜ አይደለም፣ ሦስት ጊዜ ነው የሚጠይቀው፤ በያንዳንዱ ጥያቄ መሃል መዶሻውን መሬት ላይ ያስቀምጣል። ዘሩ ያልታወቀ ብረት ላይ አልሠራም ብሎ የመለሳቸውን ሰዎች በዓይኔ አይቻለሁ፤ አንዱማ ፈረስ ላይ እንዳለ ሰድቦት ሄዷል።

አህመዴና ሙሄ በወግዲ በኩል ጎረቤት ገበሬዎች ነበሩ። በእርሻ ድንበር ተጣሉ፤ አንድ ጥይት ተተኮሰ፣ ሙሄ ወደቀ። አህመዴ ወደ ዓባይ ቆላ ሸሽቶ ሁለት ዓመት ኖረ። ሽማግሌ እየወረደ እየወጣ በመጨረሻ ጉማው፣ የደም ካሳው፣ ተከፈለ፣ የእርቁ ቀን ተቆረጠ። በኛ አገር ደም ሲደርቅ አንድ ወግ አለ። ደም ያፈሰሰው ጠመንጃ በሁለቱ ቤት ፊት ይቀርባል። ብረት ሠሪው መዝጊያውን ይነቅላል፤ ገዳዩ ወይም የገዳዩ ልጅ ተቀብሎ ከገደሉ አፋፍ ላይ ወደ ዓባይ ይወረውረዋል። ዓይኑ ወጣ ይባላል። መዝጊያው ሲወረወር ገዳዩ ይምላል፤ “ይህ ብረት ያ ብረት ካልሆነ ደሙ አይድረቅልኝ፣ በልጄም በልጅ ልጄም ይምጣብኝ” ይላል። ከዚያ በኋላ ነው የሁለቱ ቤት ሰዎች እጅ ለእጅ የሚያያዙት።

እኔ ዘይነባን ካገባሁ ገና ስድስት ወር ነበር። ከእርቁ በፊት ባለው ዓርብ ወንዱ ሁሉ ለጁምዓ መስጊድ ሲሄድ አማቴ አህመዴ በሥራ ቤታችን የኋላ በር ገባ። ያን ምንሽር ይዟል፤ ሌላ የተበላሸ፣ ማንም የማይፈልገው አሮጌ ምንሽርም ይዟል።

“እንድሪስ፣ ይህን እንጨት ከዚህ አውልቀህ በዚያኛው ላይ ግጠምልኝ” አለኝ።

ወዲያው ገባኝ። ጠመንጃን ሰው የሚያውቀው በእንጨቱ ነው። የአህመዴ ምንሽር ሰደፉ ላይ ሁለት ጠገራ ብር ተመትቶበት ነበር፤ ጠገራ ያለበት ምንሽር የአህመዴ መሆኑን የማያውቅ ሽማግሌ በዚያ አገር የለም። ብረቱን ከብረት ለይቶ የሚያይ ማን አለ?

“አያ አህመዴ፣ መሐላ አለበት እኮ። አንቱ ይምላሉ” አልኩ።

“መሐላው የኔ ነው፣ እንጨቱ ያንተ ነው።” ድምፁን ዝቅ አደረገ። “ይህ ብረት የአባቴ ነው። ልጄን ሰጥቸሃለሁ፤ ብረቴን ግን ለዓባይ አልሰጥም። ጠላት የበዛበት ቤት ባዶውን ይደር ትላለህ?”

እምቢ ማለት ይቻል ነበር። ሰው እኮ እምቢ ይላል። እኔ ግን አዲስ አማች ነበርኩ፣ ፈራሁት፣ ደግሞም ሥራዬ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ሊታይ ነው የሚል ኩራት ነበረኝ፤ አሁን ሳስበው የሚያሳፍረኝ እሱ ነው። ጁምዓዬን ሳልሰግድ እንጨቱን አዛወርኩት። መጋጠሚያው እንኳ አይታወቅም ነበር። በእርቁ ቀን በአፋፉ ላይ ሽማግሌዎቹ ጠገራዎቹን አይተው እሱ ነው አሉ። አያ ይማም መዝጊያውን ከመንቀሉ በፊት አንዴ ገፍቶ መለሰው፤ ብረቱ ሁለት ጊዜ ተናገረ፤ የአህመዴ ምንሽር ግን ጤነኛ እንደነበረ ያውቃል። አያ ይማም ቀና ብሎ እኔን አየኝ፤ ከዚያ ነቅሎ ለአህመዴ ሰጠው። አህመዴ ማለ፣ ወረወረ። ሰይድ ያን ጊዜ ጢም ያላወጣ ልጅ ነው፤ በአባቱ ቦታ ቆሞ የአህመዴን እጅ ጨበጠ።

አህመዴ ብረቱን ሦስት ዓመት ደብቆ ያዘው። በአራተኛው ዓመት ከብቶቹ አለቁበት፣ አንድ ወንድ ልጁ በትኩሳት ሞተበት። ከዚያ በኋላ ብረቱ ቤቴ አይተኛልኝም ማለት ጀመረ። አንድ ቀን በስልቻ አድርጎ አመጣልኝ፤ ወደ ወረኢሉ ለሚሄድ ነጋዴ ስጠውና ከዓይኔ አርቅልኝ አለኝ። እኔም ነጋዴ እስኪገኝ ብዬ አያ ይማም ቤት ጥግ ላይ አስቀመጥኩት። የቂል ሥራ ነው። በማግስቱ ሰይድ መጣ። ሃያ ዓመት ሞልቶት፣ ሙሽራ ሊሆን፣ ቴትሮን ሱሪ ለብሶ፣ ጠመንጃ ሊያሠራ። አያ ይማም ቁርበቱን አነጠፈና ያገኘውን ብረት ሁሉ ደረደረ፤ ያንንም። ሰይድ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። እኔ መጥረቢያዬን አንሥቼ የጀመርኩትን እንጨት መጥረብ ያዝኩ። አንደኛው ተከፈተ፣ ተዘጋ። ሁለተኛው። ሦስተኛው ሲዘጋ ያ ሙሉ ድምፅ መጣ፣ ሰይድም ሳያቅማማ “ይኸኛው” አለ።

አያ ይማም መዶሻውን መሬት አስቀመጠና ወደ እኔ ዞረ። “ከየት የመጣ ነው?”

“ከወረኢሉ ገበያ” አልኩ።

“ከየት የመጣ ነው?”

“ከወረኢሉ ገበያ።”

ሦስተኛውን ሲጠይቅ ድምፁ ወርዶ ነበር፤ የሚለምነኝ ይመስል ነበር። ሦስተኛውንም ያንኑ መለስኩ። አያ ይማም መዶሻውን አነሣና “እንግዲህ በአንተ ላይ ነው” አለኝ። ከዚያ በኋላ በኖረበት ዘመን ሁሉ ስለዚያ ቀን አንድ ቃል አልተነፈሰም። ቢጠይቀኝ እናገር ይሆን ነበር። ብናገር ደግሞ መሐላው ይፈርሳል፤ መሐላው ከፈረሰ ደሙ አልደረቀም፤ ደሙ ካልደረቀ የዘይነባ ወንድሞች ተራ ነው፣ ከነሱ ቀጥሎ ደግሞ ጡት የሚጠባው ልጄ አለ። እንዲህ እያልኩ ራሴን አሳመንኩ።

እንጨቱን ከዋንዛ ጠረብኩለት። በሕይወቴ ከሠራሁት ሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው፤ ጥፋተኛ እጅ እንዴት እንደሚጠነቀቅ ያየ ያውቃል። አንድ ልማድ ነበረኝ። አባቴ ቁርኣን አስተማሪ ስለነበረ በሎህ፣ በቁርኣን ተማሪ የእንጨት ሰሌዳ ላይ ነው ፊደል የቆጠርኩት፤ ከዚያ የተነሣ በሠራሁት እንጨት ሁሉ ሆድ ውስጥ፣ ብረቱ በሚተኛበትና ማንም በማያየው ቦታ፣ በጋለ ምስማር ቢስሚላህ እጽፋለሁ፤ ከሥሩ የባለቤቱን ስም፣ ከዚያ የኔን። ቋንቋው አማርኛ፣ ፊደሉ የአረብ። በዚያ ቀን ምስማሩ ግሎ እጄ ላይ እያለ ስሙን ልጽፍ ስል እጄ ሌላ ጻፈ። ማንም አያነበውም ብዬ ነው። አያ ይማም አያነብም፣ ሰይድም አያነብም፤ ብረቱ በላዩ ከተኛ ደግሞ የሚያየው አላህ ብቻ ነው። ጽፌ ስጨርስ ቀለለኝ። ብረቱን አጋድሜ ብሎኑን አጠበቅሁ፣ የተልባ ዘይት አጠጣሁት፣ አንድ ሳምንት ፀሐይ ላይ አቆየሁት። ሰይድ ሊወስድ ሲመጣ ጉንጩን በእንጨቱ ላይ አስደግፎ አነጣጠረና “እንዴት ይስማማኛል ወላሂ! በልኬ የተሠራ ነው” አለኝ።

ከዚያ በኋላ የኖርኩትን ኑሮ ልናገር ቢሉኝ ብዙ የለኝም። ሰይድ በየሠርጉ ያንን ምንሽር ይተኩሳል። ጅብ በረት ሲሰብር የሚጠራው እሱ ነው። በየዓመቱ ማር ያመጣልኛል፣ ገበያ መሃል እንኳ ቢሆን ከሩቅ ሲያየኝ “የጠመንጃዬ አባት!” ብሎ ይጣራል፤ እኔም በሳቅ እመልሳለሁ። ማሩን አልበላም ነበር። ዘይነባ ሆድህን ያምሃል ወይ ትለኛለች፣ አዎ እላታለሁ። አህመዴ ሞተ፣ አያ ይማም ሞተ፣ የዘይነባ ወንድሞች አረጁ። እኔ ብቻ የቀረሁ ሲመስለኝ፣ ነገሩ ከኔ ጋር ተቀብሮ ይቀራል ብዬ እፎይ ስል፣ ሐያትና ጀማል ተዋደዱ። ልጆቹ ራሳቸው ናቸው የተፈላለጉት። ሽማግሌዎቹ ደስታቸው ወሰን አጣ፤ የታረቀ ደም በጋብቻ ሲታሰር ነው የሚጠነክረው ብለው። እኔ ግን አህመዴ አፋፉ ላይ የማለውን እሰማ ነበር። በልጄም በልጅ ልጄም ይምጣብኝ ነው ያለው። ሐያት የልጁ የልጅ ልጅ ናት።

ትናንት ቁርበቱ ላይ የተደረደሩትን ሦስት ብረቶች እያየሁ ይህ ሁሉ በአንድ ትንፋሽ አለፈ። ጀማል እየጠበቀ ነው። ጋዜጣውን ፈትቶ እንጨቱን ከጎኑ አጋድሟል፣ ሆዱ ወደ ታች ነው። አላየውም ማለት ነው ብዬ አሰብኩ፤ ቢያየውም ዝገት ይመስለው ይሆናል። ሰው ሲፈራ እንዲህ ነው የሚያስበው፤ ስምንት ዓመት አረብ አገር የነዳ ልጅ የመንገዱን ሰሌዳ በምን ፊደል ሲያነብ እንደኖረ እንኳ አላሰብኩም።

“በልጅጉን ውሰድ” አልኩት።

“የአያቴ ምን ጎደለው አባባ?” ምንሽሩን አነሣና መዝጊያውን ገፍቶ መለሰ። ያ ድምፅ ነው፣ አጭርና ሙሉ፤ እኔ አርጅቻለሁ፣ እሱ አላረጀም። “ይኸኛው ከሁለቱም ይበልጣል። ከየት የመጣ ነው?”

“ከወረኢሉ ገበያ።”

ብረቱን ቁርበቱ ላይ አስቀመጠው። “እርስዎ ነዎት ያመጡት?”

“እኔ ነኝ።”

“ከየት?”

ዓይኑን አላነሣም። ሳቁ ከፊቱ መቼ እንደሄደ አላስተዋልኩም። እውነቱን ልናገር የሚገባኝ ጊዜ ያ ነበር። አፌ ውስጥ ያለውን ቃል በምላሴ ሁሉ ነካሁት። የሐያት ድምፅ ከጓሮ ይሰማል፣ ከእናቷ ጋር ስለ ቀሚስ ትከራከራለች።

“ከወረኢሉ አልኩህ እኮ” አልኩት፤ ጭራሽ ተቆጣሁ።

“እሺ አባባ” አለ። መዝጊያውን ከምንሽሩ ስቦ አወጣና ቁርበቱ ላይ፣ ከኔ እግር አጠገብ አኖረው። ሦስቱን ብረቶች ጆንያው ውስጥ መለሰ። እንጨቱን አንሥቶ ገለበጠውና ሆዱን ወደ ሰማይ አድርጎ ከመዝጊያው ጎን አስተኛው። ዘይቱን ለምን እንደቀባው ያን ጊዜ ገባኝ። የተቃጠለው ጽሑፍ ከአቧራው ወጥቶ፣ ጠቁሮ፣ ትናንት የተጻፈ መስሎ ይታያል።

“ረሳኸው” አልኩት።

“አልረሳሁትም። አያቴ አያውቁም። ዓይናቸው ደክሟል፣ ድሮም ማንበብ አይችሉም። እኔ ባነብላቸው ከሳሹ እኔ መስዬ እሰማቸዋለሁ፤ ነገሩ ግን የኔ አይደለም።” ጆንያውን ትከሻው ላይ አደረገ። “ሦስት ቀን አሰብኩ አባባ። ሐያትን አልተውም። ግን በዚህ ውሸት ላይ ኒካ አላስርም። ሐሙስ ሽማግሌ ሲቀመጥ ይዘውት ይቅረቡ። የጻፈው ያንብብላቸው።”

“ሰይድ ምን ይላል?” ብዬ ጠየቅሁት፣ እንደ ሕፃን።

“አላውቅም” አለ። “የአጎቶቼን ልጆችም አላውቅም። ጊዜውን እያዩት ነው፤ ሁሉም ታጥቋል።” ሰላም ብሎኝ ወጣ፤ አጥሩ ጋ ሲደርስ ሐያት ጠራችው፣ ቆመ፣ እጁን አውለበለበላትና ሄደ።

ሰው ሳያየው እንጨቱን ልደብቅ ብዬ ልነሣ ስል ዘይነባ ወንፊቷን እንደያዘች ከጓሮ መጣች። “ምን ትቶ ሄደ? ለምን ሻይ አላጠጣኸውም?” አለችና አጠገቤ ተቀመጠች። እጇን በእንጨቱ ላይ ሰደደች፤ ዘይቱ ጣቷን አወዛው። “ይህ እኮ ያንተ እጅ ነው። የሰይድ አይደል?” አለችኝ። አዎ አልኳት። ጣቷ ጽሑፉ ላይ ደረሰና ቆመ። ፊደል አልቆጠረችም፣ ግን የኔን የምስማር ጽሑፍ ታውቀዋለች፤ አልጋችን ራስጌ ላይም አለ። “ይኸኛው ረጅም ነው” አለች። “ምን ይላል?”

ይህን ያህል ዓመት አብሬያት ስኖር የዋሸኋት ብዙ አይደለም። አንድ ነው፣ እሱም በየቀኑ ነው። አነበብኩላት።

“ቢስሚላህ። ይህ ብረት የሙሄን ደም ያፈሰሰው ነው። አህመዴ የማለው በሌላ ብረት ነው፣ እንጨቱን ያዛወርኩት እኔ ነኝ። የሙሄ ልጅ ሳያውቅ ተሸከመው። እኔ አውቄ ዝም አልኩ። እንድሪስ።”

ወንፊቱን መሬት አስቀመጠችው። አለቀሰች ብል ውሸት ነው፤ ጮኸች ብልም ውሸት ነው። ሐያት እዚያ ጓሮ ሆና ስትስቅ ድምፅዋን እያዳመጠች ቆየች። ከዚያ “ማሩን ያልበላኸው ለዚህ ነው?” አለችኝ። አዎ አልኳት። መዝጊያውን አነሣች፤ ለካ ከባድ ነው፣ ሁለት እጇን ፈልጓል። የሻሿን ጥግ ፈታ አደረገችና ውስጡ አድርጋ ቋጠረችው።

“ነገ የማነበው እኔ ነኝ፤ መዝጊያውንም ስጭኝ” አልኳት ዛሬ ጠዋት።

“እንጨቱን አንብብ። እሱ ያንተ ነው” አለች። “ይህን የሚወረውረው የገዳይ ልጅ ነው። እኔ ነኝ።”

ነገ ሐሙስ ነው። ሰይድ በጀማል ክንድ ተደግፎ ይገባል፤ ድምፄን ሲሰማ እንደ ልማዱ “የጠመንጃዬ አባት!” ብሎ እጁን ይዘረጋል። እጁን ሳልጨብጥ ነው ማንበብ ያለብኝ። ከጉብታው ማዶ ዛሬ ተኩሱ ቀርቧል፣ ዘይነባ ግን እህሏን እያበጠረች ነው፤ ጎንበስ ባለች ቁጥር ያ ቋጠሮ ደረቷን ይመታታል።